የደህና ነን ባዮች ኢንሹራንስ

እኛ ሰዎች ስለ ጤናችን ስንጠየቅ እውነቱን የመናገር ልማድ የለንም። «ታመህ ነበር አሉ» ሲሉን «ኧረ ትንሽ ጉንፋን ናት» እንላለን፤ ጉንፋኗ ሦስት ቀን ሆስፒታል ያስተኛች ብትሆንም። የጎረቤታችንን የጉልበት ሕመም ግን ከነመድኃኒቱ ስም እናውቃለን። እርስዎም ያው ነዎት፤ አይሸሽጉኝ።

ልማዱ ለሰላምታ ያምራል። ኢንሹራንስ ለመምረጥ ግን አይሆንም።

ባለፈው መኸር እዚህ በሰው አገር ሻኮፒ በምትባል ከተማ ካለ አንድ መጋዘን አዲስ ሥራ ጀመርኩና የድሮው ኢንሹራንሳችን ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ቀሩት። አዲሱ መሥሪያ ቤት ለኢንሹራንስ ብሎ ከደመወዝ የሚቆርጠው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ የሚሸፍነውም እንደዚያው፣ የዓመት ምርመራና ክትባት ብቻ። መድኃኒት የለ፣ ሆስፒታል መተኛት የለ። ሌላው ምርጫ ማርኬትፕሌስ ከሚሉት የኢንሹራንስ ገበያ በመንግሥት ድጎማ መግዛት ነው፤ እሱ ደህና ይሸፍናል፣ በየወሩ ግን ጠቀም ያለ ገንዘብ ይወስዳል። ሁለቱን ደርቦ መያዝ አይቻልም።

ልቤ ወደ ገበያው ነበር። ምክንያቱን ለባለቤቴ ለፀዳለ መንገር ግን አልፈለግሁም። ከዓመት በፊት የደም ግፊት ክኒን ጀምሬያለሁ። እንዳትጨነቅ ብዬ ክኒኑን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ እደብቃለሁ፤ ከክሊኒክ የሚመጣውን ደብዳቤ እንዳታይም ፖስታ ሳጥኑ ጋ ቀድሜያት ለመድረስ እጣደፋለሁ። እሷም ትጣደፋለች። ቅልጥፍና ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ «ገበያው ይሻላል፤ ለአንቺ ብዬ ነው» አልኳት። እሷም ለእኔ ስትል ገበያውን እንደምትመርጥ ነገረችኝ። እንዲህ እየተዛዘንን ስኔሊንግ አቨኒው ከሚባለው ጎዳና አጠገብ ወይዘሮ ሐያት ዘንድ ሄድን። የወሎ ሰው ናቸው፤ ሥራቸው ለሰው ቅጽ መሙላት ነው።

«የምትወስዱት መድኃኒት አለ?» አሉን።

«የለም» አልን፣ እኩል። የሚያመን ነገር እንዳለም ጠየቁ። እግዚአብሔርን አመሰገንን።

«እንግዲያው ምን አደከማችሁ? የሥራው ይበቃችኋል። ሳይን አድርጉና ሂዱ» ብለው የመሥሪያ ቤቱን ቅጽ አቀረቡልኝ።

እስክሪብቶውን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ፀዳለ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ትንሽ የክኒን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«የግፊት ነው» አለች። «እንዳትጨነቅ ብዬ ነው።»

መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነው፤ ለእሷ። ቀጥሎ አፈርኩ። የእኔን ከኪሴ አውጥቼ ከእሷ ጎን አስቀመጥኩት። ክኒኑ አንድ ዓይነት፣ የገዛንበትም ፋርማሲ አንድ ነው።

ወይዘሮ ሐያት ብልቃጦቹን እያገላበጡ አዩና በትዳር ስንት ዓመት እንደቆየን ጠየቁ። አሥራ ዘጠኝ አልናቸው።

«ማሻአላህ» ብለው የሥራውን ቅጽ ቀደዱት።

የገበያው ኢንሹራንስ ካርድ በሁለት ሳምንት በፖስታ ይደርሳችኋል ተባልን። ወር አለፈው። ደውለን ብንቆጣ ድሮ ተልኳል አሉን። ለካ የምንሻማበት ምክንያት ከቀረ ወዲህ ፖስታ ሳጥኑን የከፈተ ሰው የለም።