ፈንቴ ሚስቱን ሊስል

ቤትህ ያለውን ሰው ልብ ብለህ ያየኸው መቼ ነው? አላፊ አግዳሚውን አይደለም የምልህ፤ ሚስትህን ነው። አየህ፣ አታስታውሰውም! ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ?

በጃንሆይ ዘመን ዳንግላ ውስጥ ፈንቴ የሚባል ሠዓሊ ወዳጅ ነበረኝ። ሥዕል የተማረው ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው፤ ልቡ ግን ብረት ላይ ቀረ። የልብስ ስፌት መኪና፣ ብስክሌት፣ ወፍጮ... ሌላ አይስልም። ታዲያ ምን የመሰለ አሳሳል መሰለህ! አንዴ የወፍጮ ሞተር ሳለ። ባለወፍጮው ሥዕሉን ሲያይ "ይሄ ብሎን ላልቷል እንዴ?" ብሎ ሮጠ። ሄዶ ቢነካው እውነትም ላልቷል።

ሚስቱ አንጓች ግን በንዴት አርራ ከሰል ሆነች። ሹሩባ ብትሠራ አያይ፣ አዲስ ቀሚስ ብትለብስ አያይ። ጥርሷን አሟት ጉንጯ አብጦ ሲሰነብት እንኳ "ምን ሆነሽ?" ያለቻት ጎረቤት ናት። በመጨረሻ አንጓች ነጠላዋን አነሣችና ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ፣ አባቷ ዘንድ ገባች።

ፈንቴን ይዤ ለሽምግልና ሄድኩ። አባቷ እኛን በአማርኛ "ደህና ናችሁ?" አሉና ወደ ልጃቸው ዞረው በአዊኛ የሆነ ነገር ተናገሩ። ፈንቴ አንገቱን ደፋ። ምን አሉ ብዬ ብጠይቀው፣ "ለዐይናማ ዕውር ዳርኩሽ" አሉ አለኝ።

አንጓች ቁርጡን ተናገረች፤
"የምመለሰው እኔን ከሳለኝ ነው።"
"ሰው መሳል አልችልም እኮ!"
"ብሎን የቻለ አፍንጫ ያቅተዋል?"

በሳምንቱ ቀለሙን ይዞ ተመለሰ፤ እኔም አጀብኩት። ደጃፍ ላይ አስቀመጣትና ይስላል፣ ይፍቃል፤ ደግሞ ይስላል። እሷ ንቅንቅ የለም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ብሩሹን አስቀመጠ።

"አገጭሽ ሥር ያለችው ጠባሳ ምንድን ናት?" አላት።
"በልጅነቴ ከአህያ ወድቄ ነው።"
"ስንጋባም ነበረች?"

"ነበረች" አለችው አንጓች፣ ቀስ ብላ። ፈንቴ ፊቱን ወደ ጓሮ አዞረ። እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

ሥዕሉ ሲያልቅ ከበብነው። ምን ልበልህ? አንጓችን አይመስል፣ ማንንም አይመስል! አባቷ ቢጨንቃቸው "ነጠላው አምሯል" አሉ። እሷ ግን ጓዟን መሰብሰብ ጀምራለች።

"ሥዕሉ እኮ አልሆነም" አልኳት።
"ሥዕሉን ማን ብሎት! ቀኑን ሙሉ ሲያየኝ ዋለ አይደል?"

ይህን ትምህርት ይዤ እኔም ቤቴ ገባሁ። ሚስቴ ፊት ተቀመጥኩና ትኩር ብዬ አየኋት፤ እንደ ፈንቴ፣ ከግንባሯ እስከ አገጯ።

ሥራዋን አቁማ እሷም አየችኝ።

"ምን አጥፍተህ ነው?" አለችኝ።