ፈረሰኛው የት ሄደ?

ስልክ ላይ ምግብ ሲሠሩ የሚያሳዩትን ሰዎች ልብ ብላችኋል? እጃቸው ይታያል፣ መጥበሻቸው ይታያል፤ አማታቸው ግን የለችም። ስለዚህ ሁሉም ይሳካላቸዋል።

እኔም እነሱን አይቼ ተሳሳትኩ። የእጮኛዬን የምሕረትን እናት፣ እትዬ አስካለን፣ ታቦር ሰፈር ካለችው የኪራይ ቤቴ ምሳ ጠራኋቸው። ልጃቸውን ይስጡኝ አይስጡኝ ገና አልቆረጡም፤ ቤቴን አይተው ሊወስኑ ነው። ሌላው የሐዋሳ ሰው ቢሆን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ገዝቶ ይገላገላል። እኔ ግን ዘመናዊ ነኝ። ከሱፐርማርኬት በረዶ የሠራ የዶሮ ክንፍ በላስቲክ ገዛሁ። በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት አሸሁት፣ ዱቄት አለበስኩት፣ የፈላ ዘይት ውስጥ ለቀቅኩት። ዘይቱ ክንፉንም እኔንም እኩል ጠበሰን።

እትዬ አስካለ ሳህኑን በዓይናቸው ቆጠሩ፤ አሥራ ሁለት ክንፍ። ዕድሜ ልካቸውን ዶሮ በብልት በብልቱ ሲያወጡ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ስድስት ዶሮ አርደሃል» አሉ። «ፈረሰኛው የት ሄደ?»

ፈረሰኛ፣ መቼም ታውቃላችሁ፣ የእንግዳ ክብር የሆነው ብልት ነው። ክንፍ ልጆች ጓዳ በር ላይ የሚሻሙበት።

«ክንፉን ብቻ ነው የሚሸጡት፣ እትዬ።»

«ዶሮዋስ?»

«እኔ እንጃ። ሌላ ሰው ይበላታል።»

«ሌላ ሰው!» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰማሽ? ክንፉ እዚህ፣ ዶሮው ሌላ ቤት። ይሄ ሰውዬ ሌላ ትዳር አለው!»

ምሕረት ሳቋን ልታፍን ውሃ ስትጠጣ ትን አላት። እናቷ ለቅሶ መሰላቸው። እየተቆጡ በሉ። አንድም አላስተረፉም።

በማግስቱ ምሕረት ሱፐርማርኬት ወስዳ ማቀዝቀዣውን አሳየቻቸው። ክንፍ ብቻ። ከንፈራቸውን መጠጡ አለችኝ፤ ለዶሮዎቹ ይሁን ለእኔ አላወቀችም።

በሳምንቱ ቤታቸው ተጠራሁ። ዶሮ ወጥ ቀረበ። ፈረሰኛው በጭልፋ ሲወጣ በዓይኔ ተከተልኩት፤ የእኔ እንጀራ ላይ ካረፈ ልጅቷ የእኔ ናት። ጭልፋው እኔን አልፎ ለጎረቤታቸው ለጋሽ ተፈራ ወረደ። ለእኔ ክንፍ።

«ገብቶኛል፣ እትዬ» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ምኑ ነው የገባህ? ቁጭ በል! ፈረሰኛ ለእንግዳ ነው። አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንግዳ የሆንከው?»

ይኸው ከተጋባን ወዲህ በበዓል በበዓሉ ክንፍ ይደርሰኛል። ፈረሰኛውን ከሩቅ አየዋለሁ። አንዳንዴማ፣ ሰው እንግዳ ሆኖ ቢቀርስ ያሰኛል።