ስድስት መኪና ቆሞ በባቡር?

ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የአጎቴ የጋሽ ተፈራ የባቡር ፓስ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠቀሙበት የመጨረሻ ቀኑ ላይ ደረሰ። ለውጭ አገር ጎብኚ የሚሸጥ፣ ወር ሙሉ ያለ ገደብ የሚያስጉዝ ፓስ ነው። ጋሽ ተፈራ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከዴንቨር ተነስተው ተራራውን በባቡር ለማቋረጥ ብለው ወደ አሜሪካ ከመምጣታቸው በፊት ገዙት፤ የጊዜ ሰሌዳውንም እስከ ኤርፖርቱ ባቡር ድረስ በቃላቸው ያዙት።

“እኔ እያለሁ” የሚል ዘመድ ገጥሞዎት ያውቃል? እዚሁ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ውስጥ ስድስት አሉኝ፤ ስድስቱም ሾፌሮች ናቸው።

“ጋሼ፣ ስድስት መኪና ቆሞ በባቡር? ሰው ምን ይለናል?” አለች እህቴ አልማዝ።

“ተራራው እንደሆነ የትም አይሄድ፤ እሑድ ኦፍ ነኝ፣ እኔ እወስድዎታለሁ” አለ ባሏ።

እሑድ ግሪን ቫሊ ራንች ቤት የገዛ ዘመድ ጠራን። በሚቀጥለው እሑድ ክርስትና ነበር። በሦስተኛው ባልየው ሥራ ገባ። በማግስቱ ጋሽ ተፈራ ሻንጣቸውን ይዘው ብቻቸውን ወጡ። በአራት መኪና ፈልገን ፒዮሪያ ስትሪት አውቶቡስ ሲጠብቁ ያዝናቸው። አልማዝ እንደ ጠፋ ልጅ አቅፋ አለቀሰች። ከዚህ በኋላ ማን ደፍሮ ይወጣል? ሻንጣውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

“ልጆቼ፣ ዛሬን እንኳ ልሂድበት” አሉ ፓሱ በሚያበቃበት ሰኞ።

“ጋሼ፣ በረራዎ እኮ ዛሬ ነው!” አለች አልማዝ።

በመኪና ወደ ኤርፖርት ስንወስዳቸው የኤርፖርቱ ባቡር ከጎናችን አለፈ። ጋሽ ተፈራ ሰዓታቸውን አዩ።

“በሰዓቱ ነው” አሉ።

ሰሌዳውን አጣራሁ። በሰዓቱ ነበር።