ትርንጎን ጥሯት

ቀጭን ሰው ስታዩ አትዘኑለት። እኔ ትርንጎ፣ በአስራ ስድስት ዓመቴ በሰፈራችን በቁስቋም ስም ያወጣሁት በቅጥነቴ ነው።

የጎረቤታችን የአያ ሞገስ የልጅ ልጅ፣ የአራት ዓመቷ ሕፃን፣ ግቢያቸው ካለው የውሃ ጉድጓድ ገባች። በጋ ስለነበር ውሃው ጎድሏል፤ ቆማ ታለቅሳለች። የጉድጓዱ አፍ ግን ጠባብ ነው፤ የወንዶቹን ትከሻ አላሳልፍ አለ። እኔ ወገቤን በገመድ ታስሬ ወረድኩና አቅፌያት ወጣሁ። ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። አያ ሞገስ ግንባሬን እየሳሙ “አንቺ እያለሽ ምን እንሆናለን!” አሉ።

ለካ መቀጠሬ ኖሯል! ከዚያ ወዲያ በየግቢው ጉድጓድ የባልዲ ገመድ ሲበጠስ ትርንጎን ጥሯት። ድመት ስትገባ ትርንጎን ጥሯት። እትዬ ዘነቡማ ስልካቸው ቢገባባቸው፣ ልጄ ከአረብ አገር ትደውላለች ብለው ከክፍል አስጠርተውኛል። እኔ እዚያ ውስጥ ሆኜ ስልኩን ላነሳላት ነው እንዴ?

ደስ አይለኝም ነበር ብል ውሸት ነው። ግን ጓደኞቼ አራዳ ወጥተው ጭማቂ ሲጠጡ፣ እኔ ጭቃዬን ሳጥብ ሁለት ዓመት አለፈ።

የአስራ ሁለተኛ ክፍል መሰነባበቻችን ዕለት ፀጉሬን ተሠርቼ፣ የእህቴን ቀሚስ ለብሼ ከበር ስወጣ አያ ሞገስ እያለከለኩ ደረሱ። ጠቦታቸው ገብቷል።

“ዛሬስ አልወርድም” አልኩ።

“ምነው ልጄ?”

“እኔም እንደ ሰው ልሁን እንጂ፣ አያ!” እንባዬ መጣ።

ቀሚሴን ቀና ብለው አዩት። “ሸጋ ሆነሻል። ሂጂ” ብለው ተመለሱ።

ሄድኩ። ጨፈርኩም። ግን በዘፈኑ መሃል የሚሰማኝ የጠቦቱ ጩኸት ነው። አመሻሹ ላይ ስሮጥ ብመለስ፣ ወንዶቹ የጉድጓዱን አፍ በዶማ አስፍተው፣ ጠቦቱን አውጥተው፣ በምታዘቀዝቀው ፀሐይ እያደረቁት ነው። አያ ሞገስም ጎረቤቱን ሰብስበው፣ ሁሉም ጉድጓዱን ይክደን፣ ከእንግዲህ ይህችን ልጅ የሚጠራ ከእኔ ጋር ነው ጠቡ ብለዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት እንዴት ያለ ነፃነት መሰላችሁ! በሁለተኛው፣ ሰው በበራችን ባለፈ ቁጥር ብድግ እል ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ራሴ ሄጄ የአያ ሞገስን በር አንኳኳሁ።

“አያ፣ የገባ ነገር የለም?”

ሳቃቸውን ዋጡ። “እስካሁን የለም፣ ልጄ። ግን ነይ ግቢና፣ የጉድጓዱን ክዳን እንክፈተው።”