ስም የተጻፈበት ሽንኩርት

እስቲ ትንሽ ልሳቅና ልጀምርላችሁ። ዋናው ነገር ኋላ ነው የሚመጣው፤ የሚያስቀኝም እሱ ነው። እናንተ ግን ተራችሁን ጠብቁ።

የወንድሜ ልጅ ሳሮን ኮሌጅ ጨረሰችና፣ ኮስታሪካ ሄጄ አንድ ዓመት ሕፃናት ላስተምር አለች። ውቅያኖስ ጠርዝ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። አባቷ ግርማ እኛ ያለንበት አሜሪካ፣ ጀርመንታውን ተቀምጦ፣ አይሆንም አለ። ልጅቱ አለቀሰች። በመጨረሻ በእኔ ተስማሙ። አብሬያት አሥር ቀን ሄጄ ቦታውን አይላታለሁ፤ ደኅና ነው ካልኩ ትቀመጣለች፣ አይ ካልኩ ቀረ። የእህቴ የእታለም ዓይን አይሳሳትም ብሎ ነው ግርማ። እንግዲህ የልጅቱ ዓመት በሙሉ እኔ ምላስ ላይ ተንጠለጠለ። እኔ ደግሞ ከምኖርበት ሰፈር ከላንድማርክ ወጥቼ የማውቀው ሥራ ቦታዬንና የሰው ሠርግ ነው።

ሳሮን ከኢንተርኔት አንድ ዝርዝር አወጣች። ወደዚያ የሚሄዱት ሻንጣ በጀርባቸው ያዘሉ ወጣቶች ናቸውና፣ እዚህ ስትደርሱ ይህን ይህን አድርጉ ይላቸዋል። አንደኛ፣ ፏፏቴው ድረስ ሦስት ሰዓት ዳገት መውጣት። ዕቃ አዝሎ ዳገት መውጣት እኛ ዘንድ የቸገረው ሰው ሥራ ነበር፤ እነዚህ ከፍለው ነው የሚወጡት። ሁለተኛ፣ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ከዛፍ ወደ ዛፍ መንሸራተት። ጦጣዎቹ ቁጭ ብለው ያያሉ። ሦስተኛ፣ ጣውላ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብ። እሱን ሞከርኩት። ቆምኩ ማለት አልችልም፤ ጣውላው ግን ያለ እኔ ጥሩ አድርጎ ሄደ።

ማደሪያውስ? እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ባለ ሆቴል ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት የሰው አልጋ ሳነጥፍ ኖሬ፣ ቬኬሽን ወጣሁ ስል ስምንት ሰው ያለበት ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ሰቀሉኝ። ከበታቼ ቁመቱ ከአልጋው የተረፈ የሆላንድ ልጅ ይተኛል።

በአራተኛው ቀን ሁሉም ወደ ባሕሩ ወረደ። ጣውላው ከጣለኝ ወዲህ ጉልበቴ አብጧልና እኔ ቀረሁ። ወጥ ቤት ገብቼ የጋራውን ፍሪጅ ከፈትኩ። ካሮቱም፣ ሽንኩርቱም፣ የእንቁላሉ ካርቶንም ላይ ስም ተጽፏል። ትምህርት ባይኖረኝም ስም መሆኑ አይጠፋኝም። አይ ጨዋ ልጆች፣ አልኩ በልቤ። እድር ውስጥ ድስትና ትሪ ላይ የባለቤቱ ስም ይጻፍ የለ? እነዚህ ደግሞ ማን ምን እንዳዋጣ እንዳይረሳ ጽፈውታል። መዋጮው ሞልቶ የሚያበስል ነው የጠፋው። ታዲያ ያን ሁሉ ልጅ ከባሕር ተርቦ ሲመለስ ዝም ብዬ ልይ? ከቤት የያዝኩት በርበሬና ሽሮ አለ። ሁሉንም ከትፌ በሁለት ትልልቅ ድስት ጣድኩት። ፍሪጁንም ባዶውን ሳገኘው አጠብኩት።

ተመለሱ። የሆላንዱ ልጅ ፍሪጁን ከፍቶ ለጸሎት እንደቆመ ሰው ቆመ። ሌሎቹም እየመጡ ከኋላው ቆሙ፤ ቀብር ይመስላል። ሳሮን፣ አንቲ ምን አደረግሽ፣ ይሄ እኮ ስቲሊንግ ነው፣ ስርቆት አለችኝ። መዋጮ መስሎኝ ነው አልኳት። የቤቱ ባለቤት፣ ንግግር የማታበዛ ሴትዮ፣ መጥታ አንድ ነገር ተናገረች። ምን አለች ብላት፣ ዛሬውኑ ውጡልኝ ነው የምትለው አለችኝ። ለካስ ሳሮን የምታስተምርበትን ትምህርት ቤት የሚመራው የዚችው ሴትዮ ባል ነው። የልጅቱ እንባ መጣ። ግርማ ዳግመኛ እምቢ ሳይል፣ እኔም አይ ሳልል፣ ዓመቷ በማማሰያ ሊቀር ሆነ።

የተቆጣ ሰው ምን ይደረጋል? አፉ ይያዛል። በአገሩ የበቆሎ ቂጣ ጠቀለልኩና ለሆላንዱ ልጅ ዘረጋሁለት። እምቢ ሊል አፉን ሲከፍት አጎረስኩት። ላቡ መጣ። እንባው መጣ። ቆየና አፉን እንደገና ከፈተ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ፤ ደገምኩለት። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። እሷ ሦስት ጎረሰችና ሳህን አመጣች። ስለ መውጣታችን ያነሳ አልነበረም።

በማግስቱ ሽንኩርት ላይ ስም የጻፈ የለም። ሴትዮዋ በሳሮን በኩል አስጠየቀችኝ፤ እንግዳ የሚበዛበት ወቅት እስኪያልፍ ሦስት ወር ባበስልላት ምን ይመስለኛል? እኔ ሰው ሲለምነኝ እምቢ ማለት አላውቅበትም።

እሑድ ግርማ ኮል አደረገ። ቦታው እንዴት ነው አለ። ደኅና ነው፤ እንዲያውም እኔ እቀራለሁ አልኩት። ሥራሽስ አለ። ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ አልኩት። ጉልበትሽስ አለ። ጣውላው ላይ ትናንት እስከ ሦስት ቆጥሬ ቆምኩ አልኩት። ከዚያ፣ ስልኩን ለሳሮን ስጪያት አለኝ። ሰጠኋት። ስልኩ ስፒከር ላይ መሆኑን አላወቀም።

«ሳሮንዬ፣ አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፤ አንድ ዓመትም፣ ሁለት ዓመትም ቆዪ። ብቻ መጀመሪያ አክስትሽን አውሮፕላን ላይ አሳፍሪልኝ።»