ለገዢው የተመደበ ተሸናፊ

ታላቁ ገዢ አጋቲሎስ ከተማይቱን በጦርም በግጥምም ያስጨነቁ ባለ ሁለት ጸጋ ሰው ነበሩ። ጦሩ አንዳንዴ ያርፋል፤ ግጥሙ ግን አያርፍም። በየዓመቱ ለወይን አምላክ በዓል አዲስ ትራጄዲ፣ ማለትም በግጥም የተጻፈ አሳዛኝ ተውኔት፣ ይዘው ይወዳደራሉ፤ ዳኞቹም በነጻ ህሊናቸውና በወታደሮቹ መካከል ተቀምጠው አንደኛ ያደርጓቸዋል።

የዘንድሮው ችግር ተወዳዳሪ መጥፋቱ ነበር። ያለ ተሸናፊ ማሸነፍ ደግሞ አምላክን መድፈር ነው። ስለዚህ የበዓሉ አስተናባሪዎች «የጥበብን እድገት ከማፋጠን አኳያ» ብለው ገጣሚውን ኤውሜሎስን ከቤቱ አስጎትተው መዘገቡት። ኤውሜሎስ ዕድሜውን ሙሉ ጽፎ አንድ ሰው እንኳ እንባ ያላፈሰሰለት ምስኪን ነበር።

«ከሳቸው የተሻለ ከጻፍኩ አንገቴ ሄደ» አላት ሚስቱን ክሌይቶን።

«አበላሽተህ ጻፈዋ።»

«ከሳቸው አብልጬ? ቀላል መሰለሽ እንዴ?»

ግን ነፍስ ነውና ተጣጣረ። ሟች ከመድረክ ጀርባ ሞቶ መልክተኛ መርዶውን ለሕዝቡ መንገሩ የትራጄዲ ወግ ነው። ኤውሜሎስ ግን የተውኔቱን ንጉሥ ሕዝብ ፊት ገደለው፤ ከዚያም መልክተኛ ልኮ ለራሱ ለሟቹ መሞቱን አረዳው። ሟቹ በጣም አዘነ፤ ረጅም ንግግርም አደረገ።

በበዓሉ ቀን ሕዝቡ ሳቁን በልብሱ ጫፍ አፍኖ ተሰቃየ። ከፊት የተቀመጡት ገዢ ግን ጢማቸው እስኪርስ አለቀሱ። ዳኞቹ እንደ ደንቡ የአሸናፊውን የሐረግ አክሊል ለሳቸው ደፉላቸው፤ እሳቸው ግን ኤውሜሎስን አስጠሩት።

«ያ መርዶ አንጀቴን በላው» አሉ። «ከማን ተማርከው?»

«ከእርስዎ ነው ጌታዬ።» ይህስ እውነት ነበር።

«ሳትፈራ ንገረኝ፤ ከሁለታችን ማን በለጠ?»

መልሱ አንዲት ቃል ናት፤ የከተማው ሕፃን ሁሉ ያውቃታል። ኤውሜሎስ ሊላት አፉን ከፈተ። የገዢው እንባ ግን ገና ከጢማቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ እሱም ዕድሜውን ሙሉ የተራበው ይህንኑ ነበር።

«እንግዲህ እውነቱ ከተፈለገ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የእርስዎም ደህና ነው።»

ክሌይቶ ባሏን ወደብ ላይ አገኘችው፤ የጦር መርከብ ውስጥ ከመቅዘፊያ ጋር ታስሮ።

«አንተ ሰው፣ ‹እርስዎ› ብትል ምን ነበረበት? አውቀህ ላበላሸኸው ግጥም?»

«ማነው ተበላሸ ያለሽ?»

«አንተ ነሃ! ራስህ!»

«ያኔ» አለ ኤውሜሎስ ቅር ብሎት፣ «ገና በደንብ አልገባኝም ነበር።»