«በሞቴ» የማይባልበት ምግብ

እናንተዬ፣ እኛ ደብረ ታቦሮች ሰው ማጥገብ እንወዳለን። እንግዳ «ጠገብኩ» ካለ ማዕዱ ገና መጀመሩ ነው፤ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ይከተላል። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ጉርሻ ያፋቅራል ሲባል ሰምታችሁ የለ? በእኛ ሰፈር ሦስተኛውን እምቢ ያለ እንደ ደመኛ ይታያል። እኔም ፊደል ባልቆጥር ይህን ትምህርት ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ለካ ደግነትም ልክ አለው!

የልጅ ልጄ ስመኝ አንጀቷ ተቋጥሮ ኦፕራሲዮን ተደረገች። ከዚያ ወዲያ በአፏ ውኃ እንኳ እንዳይገባ ተባለና ምግቧ በደም ሥሯ ሆነ። ከአልጋዋ አጠገብ ከቆመው ብረት ላይ የተንጠለጠለው የምግብ ላስቲክ ጠብ... ጠብ ይላል፤ እኔ ከሥሩ ተቀምጬ ጠብታውን በዓይኔ አጎርሳታለሁ።

የባሌ እህት እናኑ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ከይፋግ መጣች። ነርሷ አጥሚቱን ስትከለክላት ፊቷ ጠቆረ። ቀና ብላ ላስቲኩን አየችና፣

«ምግብ የምትሉት ይኼን ነው?» አለችኝ።

«ይኸው ነው፣ እናንዬ።»

«ኧረ ይቺስ ለጫጩትም አትበቃ! ምነው እንዲህ ሰሰቱባት?»

ስቄ ወጣሁ። ጨርቅ አጥቤ ስመለስ፣ ሞልቶ የተውኩት ላስቲክ ተጨማዶ አገኘሁት።

«ማን ጠጣው?»

«ቱቦው ላይ ጠብታውን የያዘችውን ትንሽ ጎማ ለቀቅ አደረግሁላት። ልጅቱ ትጥገብ እንጂ!» አለች፣ ደስ ብሏት።

ክው አልኩ። ነርሷን ልጠራ አፌን ስከፍት የስመኝ ዓይን ተገለበጠ፤ ጥርሷ ገጠመ፤ እጅ እግሯ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ከዚያማ የእኛን ግርግር ባያችሁ! እናኑ «ክብሪት አሽትቷት!» ብላ ክብሪት ትጭራለች፣ የጎረቤት አልጋ አስታማሚ በማንኪያ ጥርሷን ሊፈለቅቅ ይታገላል፣ እኔ እግሯ ላይ ተጋድሜያለሁ።

«ልቀቋት!» ነርሷ ደረሰች። «አትጫኗት! አፏ ውስጥ ምንም አይግባ! ደግሞ ኦክስጅን ባለበት ክፍል እሳት?»

ክብሪቱን ነጥቃ አጠፋችው፤ ጎማዋን ዘጋች። ስመኝን ቀስ ብላ በጎኗ አስተኛቻት፤ ነጠላዬን አጥፋ ከራሷ ሥር አደረገች፤ መርፌው ያለበትን ክንድ ከአልጋው ብረት እንዳይጋጭ ሳትጫነው ደገፈችው። ሐኪሙ እየሮጠ መጥቶ ማስታገሻውን የሰጣት በዚያችው መርፌ በኩል ነው። እኛ ስንራኮት ተነቅላ ቢሆንስ?

መንዘፍዘፉ ሲያቆምላት እናኑ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ «ገደልኳት?» ትላለች።

«አልሞተችም፣ እማማ» አለች ነርሷ። «ምን እንደጣላት ሐኪሙ ደሟን መርምሮ ያየዋል። ግን ይህ ምግብ በልክ ነው የሚገባው፤ በአንዴ ከተለቀቀ ደም ያዛባል፣ ይገድላልም። ሁለተኛ እንዳይነኩት።»

እናኑን ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ልላት ነበር፤ ፊቷን አይቼ ዋጥኩት።

ፀሐይ ዘወር ስትል ስመኝ ዓይኗን ገለጠች።

«እምዬ፣ ራበኝ» አለች፣ በቀጭን ድምፅ።

ይህን ቃል ሰምቼ ቁጭ ብዬ አላውቅም፤ እናኑማ ጭራሽ። ያን ቀን ግን ሁለት አሮጊቶች እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን ነርሷን አየናት። ነርሷ ራሷን ነቀነቀች፦ ገና ነው።

«ታገሺ፣ የኔ ልጅ፤ ምግብ የትም አይሄድ» የሚል ድምፅ ከአጠገቤ ሰማሁ።

ዞሬ አየሁ። እናኑ ናት! ከሁሉ የደነገጥኩት ያን ጊዜ ነው።